መካኒክ ያልነካው ፍሪጅ

በዚያ ቀን፣ ከቀትሩ የዙህር ሰላት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሀርጌሳ ዋሄን ገበያ ውስጥ በባለቤቴ ሱቅ በር ላይ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው፦ ባለቤቴ፤ ፍሪጅ ልትገዛ የመጣች አረንጓዴ ጅልባብ የለበሰች ረጅም ሴት፤ ፍሪጁን ሊያደርስላት ጋሪውን ይዞ የቆመ ተሸካሚ፤ ፊት ለፊት የሽልንግ እስሩን እንደ ጡብ ክቦ የተቀመጠ መንዛሪ፤ ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ ጎረቤቴ፤ ጫማ ሊያሰፉ መጥተው ወሬ ለመስማት የቀሩ አንድ ሽማግሌ፤ የእሳቸው ወንድም፣ ጆሮው የማይሰማ። ፍየልም ነበረች ይባላል፤ ጸሐፊው ግን ፍየሏን አልመዘገባትም። እኔ አልነበርኩም። የተፈታሁት ወይም ያልተፈታሁት እኔ ነኝ፤ በሰዓቱ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ ምስር እየለቀምኩ ነበር።

ዝርዝሩን ያወጣሁት ፈልጌ አይደለም፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አዝዞኝ ነው። እኔ ነገር ሲጻፍ ይጨንቀኛል። የተማርኩት ድሬዳዋ ነው፣ እስከ አምስተኛ ክፍል። ወረቀት ላይ የገባ ነገር ቶሎ እንደማይወጣ ለማወቅ ግን አምስተኛ ክፍል ይበቃል።

ባለቤቴ የሚሸጠው ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችን ነው። ከዓረብ አገር በኮንቴይነር የሚመጡ ፍሪጆች፣ ፍራሾች፣ ማራገቢያዎች፣ አልጋዎች። የተወለደው እዚሁ ሀርጌሳ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ፤ ድሬ አደገ፤ እዚያው ተጋባን። በኋላ ሁለቱን ሴት ልጆቻችንን ይዘን ወደዚህ መጣን። ጥሩ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምጽፈውን ያነበበ ሰው ክፉ እንዳይመስለው ነው። ልጆቹን ይወዳል፣ ቤቱን አያስርብም፣ እጁ ወደ ሰው አይነሣም። አንድ ነገር ነው ያለበት፤ ዕቃ ሲሸጥ በእኔ ይምላል።

«ይህ ፍራሽ አዲስ ካልሆነ ሚስቴ ትፈታ» ይላል።

እዚህ ገበያ እንዲህ የሚምል እሱ ብቻ አይደለም፤ እሱ ግን አበዛው። አንድ ቀን ተናድጄ ጠየቅኩት።

«እንደ ሰው በአላህ አትምልም?»

«እዚህ ገበያ ከጠዋት እስከ ማታ ወላሂ ሲባል ነው የሚውለው» አለኝ። «ወላሂ ብትዪ ዞር ብሎ የሚያይሽ የለም። ሚስቴ ስል ግን ሰው ቆም ይላል።»

«እኔ ማስታወቂያህ ነኛ?»

«አንቺ ውድ ስለሆንሽ ነው። በማትረባ ሚስት ብምል ማን ያምነኛል?»

ሙገሳ መሆኑ ነው።

በእኛ ሃይማኖት ባል ሚስቱን ፈትቶ ሁለት ጊዜ መመለስ ይችላል። ሦስተኛው ግን መመለሻ የለውም፤ ሌላ አግብታ፣ ኖራ፣ ከዚያም ካልተፈታች በቀር አይገናኙም። ሰው በቁጣ የሚፈታ አለ፤ ባለቤቴ ግን ተቆጥቶ ፈትቶኝ አያውቅም። የፈታኝ በፈገግታ ነው፣ ደንበኛ ፊት።

የመጀመሪያው በአልጋ ሄደ። «ሙሉ እንጨት ካልሆነ ሚስቴ ትፈታ» ብሎ ሸጠው። አልጋው ከጋሪ ሳይወርድ ዝናብ መታውና እንደ ገንፎ አበጠ፤ የተጨመቀ ሰጋቱራ ነበር። ገዢው የአልጋውን እግር በፌስታል ይዞ መጣ። ባለቤቴ «ሰጋቱራም እኮ እንጨት ነው» ብሎ ተከራከረ። የሰፈራችን መስጊድ ሼኽ ግን በዚህ አልተስማሙም። አንድ ተቆጠረ፤ በምስክር ፊት መለሰኝ።

ሁለተኛው የእኔ ጥፋት ነው። ከአልጋው በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ቁርኣን ካለበት ክፍል አስቀመጥኩትና «ከእንግዲህ በእኔ እንደማትምል ማልልኝ» አልኩት። እሱም ከልቡ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ከእንግዲህ በአንቺ ብምል ሚስቴ ትፈታ» አለ። እኔም «አላህ ይስጥህ» ብዬ ምሳ አቀረብኩለት። ምን እንደተባለ ሁለታችንም አልሰማንም።

በሳምንቱ አንድ ማራገቢያ ሲሸጥ በእኔ ማለ። ማራገቢያው ደህና ነበር፤ ዛሬም ይዞራል ይባላል። መማሉ ራሱ ግን በቂ ነበር። ለሼኹ ልነግራቸው ስሄድ ነገሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አዝነው መስሎኝ እኔም አለቀስኩ። ልጃቸው በኋላ ነው ሳቅ መሆኑን የነገረችኝ።

እንደገና መለሰኝ፤ ሁለት ሄዶ አንድ ቀረ። ያቺን አንዷን እንደ መጨረሻ የክብሪት እንጨት ነው የጠበቅኳት። ጠዋት ሲወጣ በር ላይ ቆሜ «ቁልፍህን ይዘሃል? ስልክህን? ምላስህንስ?» እለው ነበር። እሱም ምላሱን አውጥቶ ያሳየኛል፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ሁለት ዓመት ደህና ከረምን።

ከዚያ ጎረቤቴ መጣች። የአወዳይ ልጅ ናት፤ ሻይዋን ሳትሸጥ ቴርሞሷን እንዳንጠለጠለች ነው የገባችው።

«ቁጭ በይ» አለችኝ።

«ቁጭ ብያለሁ እኮ።»

«እንግዲያው አትነሺ። ባልሽ ዛሬ ፍሪጅ ሸጠ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ቆይ፣ አታመስግኚ። ሴትዮዋ ልትወስደው ስትል ‹ተበላሽቶ የተጠገነ እንዳይሆን› አለች። እሱ ደግሞ ‹ይህን ፍሪጅ የመካኒክ እጅ ነክቶት ከሆነ ሚስቴ ትፈታ› አላት።»

«ጨረሰው? ወይስ መሐል ላይ ትዝ ብሎት አቆመ?»

«ትዝስ ብሎታል። አፉን በእጁ ያዘ። ግን የያዘው ከጨረሰ በኋላ ነው እቴ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ሲወጣ፣ ባለቤቴ መጣ። ቁልፍ እያለው በር አንኳኳ፤ ከመድረኩ ውጭ ቆሞ አልገባም አለ። ያኔ ነው ነገሩ እውነት መሆኑን ያመንኩት።

«ፍሪጁን መካኒክ ነክቶታል አልነካውም?» አልኩት።

«የሸጠልኝ ሰው አልነካውም ብሎኛል።»

«እሱስ በምን ያውቃል?»

«እሱ ደግሞ ከሌላ ሰው ነው የገዛው።»

«አንተ አታውቅማ።»

«ሲያበርድ አይቻለሁ። በረዶ ሠርቷል።»

«የማልከው በማብረዱ አይደለም።»

ልጆቹ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ትልቋ «እማ፣ አባ ለምን አይገባም?» አለች። ምን እላታለሁ? ፍሪጅ ተጠግኖ እንደሆነ እስኪታወቅ ነው እላታለሁ? ፍራሹን አጣጥፌ ሰጠሁት፤ ሠላሳ አንድ ሜይ የሚባለው ሰፈር ወዳለው እህቱ ቤት ሄደ።

ጎረቤቴ «ማን ሰማ፣ ማን አየ፣ ዝም በይና ኑሪ» ብላኝ ነበር። ሰምታ የመጣችው ራሷ ናት። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተኝቼ ማደር አልችልም። ሚስቱ ካልሆንኩ አንድ ቀን እንኳ አብሬው መኖር ሐራም ነው። ሚስቱ ከሆንኩ ደግሞ በከንቱ አባታቸውን ከልጆቼ መለየት በደል ነው። ሼኹ «ሦስተኛው ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ፍርድ ቤት ሂጂ» አሉኝ። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት የጋብቻችንን የኒካሕ ወረቀት ከቆርቆሮ ሣጥን አውጥቼ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ፣ በደረቴ ይዤ ሄድኩ።

ፍርድ ቤቱ ስደርስ ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ባለቤቴ ከፊት ቆሟል። ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ይዞልኝ ኖሯል። እኔን ሲያይ ወጣና በቦታው አስገባኝ፤ እሱ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቆ ግድግዳው ሥር ቆመ። ከኋላዬ የነበረች ሴት ጠየቀችኝ።

«ወንድምሽ ነው?»

«ገና አልታወቀም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

ጸሐፊው ጅግጅጋ ያደገ ወጣት ነው፤ አማርኛውን እዚያ ትምህርት ቤት ነው የተማረው። ሁለት ጠረጴዛ አለ፣ በሁለቱም የሚሠራው እሱ ነው። አንደኛው ፍቺ ለሚጠይቁ ነው። ሁለተኛው የተፈቱ ሰዎች ፍቺያቸውን የሚያስመዘግቡበት ነው። አንደኛው ላይ ተቀመጥኩ።

«ፍቺ ትፈልጊያለሽ እህቴ?»

«አልፈልግም።»

«እንግዲያው ተፈትተሻል፤ በዚያኛው ጠረጴዛ ነሽ።» ተነሥቶ ወደዚያኛው ሄዶ ተቀመጠ። እኔም ተከትዬው ሄጄ ተቀመጥኩ። «መቼ ነው የፈታሽ?»

«ፈትቶኝ ከሆነ ትናንት ነው።»

«ከሆነ ማለት?»

ነገሩን ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ቀና ብሎ ግድግዳው ሥር የቆመውን ባለቤቴን አየው፤ ባለቤቴ እጅ ነሣው። ጸሐፊው ተመልሶ ወደ አንደኛው ጠረጴዛ ሄደ፤ እኔም ሄድኩ።

«በዚህ በኩል እንሞክር» አለ። «ፎርሙ ምክንያት ይጠይቃል። ይመታሻል?»

«አስተግፊሩላህ። አይመታኝም።»

«አያበላሽም?»

«ያበላኛል።»

«ጥሎሽ ጠፍቷል?»

«የት ይጠፋል፣ ያውልህ ቆሟል።»

«እና ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ፍሪጅ ብለህ ጻፍ።»

አልጻፈም። ፎርሙ ላይ «ያገባች» እና «የተፈታች» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ ላይ ምልክት አድርጊ አለኝ። እምቢ አልኩ። የማላውቀውን ነገር ፈርሜ አላህ ፊት ምን ልበል? «ችግር ያመጣብሽ መሐላ ነው፤ ይህ ምልክት ብቻ ነው» አለኝ። ምልክትም ይቅር አልኩት። ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። በመጨረሻ ሁለቱንም ፎርም ሞላልኝ፤ ሣጥኖቹን ባዶ ትቶ በአንድ ፋይል አስገባቸው። «አንዱ ይቀደዳል» አለ። «የትኛው እንደሆነ ቃዲው ይነግሩናል።»

የኒካሕ ወረቀቱን ኮፒ ለማድረግ ሊወስድ ሲል ይዤ አልለቅም አልኩ። እኔ አንዱን ጫፍ እሱ ሌላውን ጫፍ ይዘን፣ እንደ ቃሬዛ፣ እስከ ኮፒ ማሽኑ ድረስ አብረን ሄድን። ከዚያ «በሱቁ በር ላይ የነበሩትን ሁሉ ዘርዝሪ» አለኝ። እኔ ስላልነበርኩ ባለቤቴ ከግድግዳው ሥር ሆኖ እየጮኸ አስቆጠረኝ። ሰልፉ ሁሉ ሰማ። አንዱ «ፍየሏንስ?» ሲል ነው ፍየል መኖሯን ያወቅነው፤ እሱም ለካ ያን ቀን በሱቁ በኩል ሲያልፍ ነበር።

ቀጠሯችን በሳምንቱ ሆነ። ቃዲው ትልቅ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸው በክር ነው አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው። የሚናገሩት በሶማሊኛ ነው፤ እኔ እዚህ በአማርኛ ልጻፈው። ባለቤቴን አስነሡት።

«ምን ብለህ ነው የማልከው?»

«ቃዲ፣ እውነቱን ነው የምናገረው፣ ካልሆነ ሚስ—»

«ዝጋ» አሉት። ጸሐፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። እኔ ጆሮዬን ይዣለሁ። «እዚህ ክፍል ውስጥ በሚስት አይማልም። በምንም አትማል። ዝም ብለህ ንገረኝ።»

ነገራቸው። መንዛሪውና ሽማግሌው መሰከሩ፤ ቃላቸው አንድ ሆነ። የማይሰማው ወንድምም መጥቶ ነበር። ቃዲው «አንተ ምን ትመሰክራለህ?» ብለው በእጃቸው ምልክት ጠየቁት። «የሰማሁት የለም» አለ። «ሰውየው አፉን ሲይዝ ግን አይቻለሁ። ያን ጊዜ ሚስቱን እንዳስያዘ ገባኝ። የመጀመሪያ ሚስቴን ያጣሁት እኔም እንዲሁ ነው።» ወንድሙ ጎትተው አስቀመጡት።

ቃዲው ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«ፍሪጁን መካኒክ እንዳልነካው አምነህ ነው ወይስ ተመኝተህ?»

ባለቤቴ ረጅም ጊዜ አሰበ። ይህን ያህል አስቦ ሲናገር አይቼው አላውቅም።

«ቃዲ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ» አለ። «እነዚህን ሁለቱን ለይቼ አላውቅም።»

ቃዲው መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ መጀመሪያ ፍሪጁ ይታይ። አንድ የታመነ መካኒክ ከኋላው ያሉትን ቱቦዎች አይቶ የጥገና ብየዳ አለው የለውም የሚለውን ይመስክር። ብየዳ ከሌለው ነገሩ እዚያ ያበቃል፤ ሚስቱ ናት። ካለው ያን ጊዜ ሲምል ስለነበረው ሐሳብ እንጠይቀዋለን። እስከዚያ እሱ እህቱ ቤት ይቆይ፤ ቤቱን ይቀልብ፤ ደጃፍ አይለፍ።

ባለቤቴ እጁን አወጣ።

«ቃዲ፣ መካኒኩ ሲያይ ከነካውስ? ያኔ ተነካ ማለት እኮ ነው።»

ቃዲው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እጁን ወደኋላ አድርጎ ያያል» አሉ። ጸሐፊው ይህን ጻፈው። ፋይላችን ውስጥ አለ፤ አንብቤዋለሁ።

ሴትዮዋን መፈለግ ቀላል መስሎኝ ነበር። ተሸካሚው ፍሪጁን ያደረሰው አያሃ ሰፈር ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ ልትሸጥበት ነው የገዛችው። በማግስቱ ሄድን። እኔና ጎረቤቴ ከፊት፣ ተሸካሚው መንገድ ሊያሳየን መሐል፣ ባለቤቴ ሃያ እርምጃ ከኋላ፣ እጁን ወደኋላ ያደረገው፣ ቃዲው ያዘዙት መካኒክ ከእሱ ጋር። መካኒኩ ከአሁኑ ነው መለማመድ የጀመረው።

ቤቱ ተቆልፏል። በሩ ፊት መሬቱ ላይ የፍሪጁ አራት እግሮች ምልክት ብቻ ቀርቷል። አንዲት ጎረቤቷ ወጣች።

«እናንተ ናችሁ የፍርድ ቤቱ ሰዎች?» አለችን።

«የፍርድ ቤት ሰዎች አይደለንም፤ እኔ ሚስቱ—» ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ።

«ፍርድ ቤት ፍሪጅ እየፈለገ ነው ተባለ» አለች። «የተሰረቀ ነው ያሉ አሉ። የሞተ ሰው ዕቃ ነው፣ ወራሾቹ ይፈልጉታል ያሉም አሉ። ሴትዮዋ ዕዳ የለባትም፤ ከልጇ አፍ ቀንሳ ነው የገዛችው። ይወሰድብኛል ብላ ትናንት ጭናው ሄደች።»

«ወዴት?»

«ወደ ውጫሌ ድንበር ነው ያለችው። ለሌላዋ ጎረቤት ደግሞ ቡርዖ ወደ እህቴ ነው ብላታለች። ስልኳ ተዘግቷል።»

ወሬው ከሰልፉ ነው የወጣው፤ ባለቤቴ እየጮኸ ሲያስቆጥረኝ። ጎረቤቴ መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ እስኪያማት ሳቀች። እኔም መሳቅ ጀምሬ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ባለቤቴ ከሃያ እርምጃ ርቀት «ምን ሆነች?» እያለ ይጣራል፤ መቅረብ አይችልም። መካኒኩን ላከው። መካኒኩ እጁን ወደኋላ እንዳደረገ መጥቶ «ምን ሆነሻል ይላል» አለኝ።

አምስት ወር ሆነ። ቃዲው ቀጠሮውን ሦስት ጊዜ አራዝመውልናል። ጸሐፊው ባየኝ ቁጥር ፋይሉን አውጥቶ ሁለቱን ፎርሞች ያሳየኛል፤ ሁለቱም ደህና ናቸው ማለቱ ነው። ባለቤቴ በየሁለት ቀኑ ሩዙን፣ ዱቄቱን፣ ሥጋውን በር ላይ አስቀምጦ ወደኋላ ያፈገፍጋል። ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ጨንቆት ነበር፤ አሁን «የልጆቼ እናት» ይለኛል። በሁለቱም በኩል ቢፈረድ ይህ አይለወጥም።

ገበያ ውስጥ መማል ትቷል። ጎረቤቴ እንደነገረችኝ፣ ሰው «ይሠራል?» ሲለው «እዚህ ሲሰካ ሠርቷል፤ ቤትሽ ገብቶ አላየሁትም» ይላል። ሰው እንደ በፊቱ ቆም ብሎ አይሰማውም። ባለፈው ሳምንት በር ላይ ቆሞ «የልጆቼ እናት፣ ብየዳ ቢገኝበትስ?» አለኝ። ሩዙን አንሥቼ ገባሁ። ባል ሲጠፋ፣ ልጅ ሲታመም ዱዓ አድርጌ አውቃለሁ። ከሰላት በኋላ እጄን ዘርግቼ ለፍሪጅ ቱቦ ስለምን ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መልካም ሚስት አግኝቶ የሚያባክን ሰው ይበዛል ይላሉ፤ እሱ እንኳ አባክኖኝ አያውቅም፤ ሊሸጥብኝ ነው የሞከረው። ተመልሶ ቢገባ ደስ ይለኛል። ይህን ለጎረቤቴም አልነገርኳትም።

እንግዲህ የምጽፈው ለዚህ ነው። ሴትዮዋ ረጅም ናት፤ ድምፅዋ ጎርነን ይላል፤ አንድ ትንሽ ልጅ አላት። ፍሪጁ ነጭ ነው፣ በሩ ላይ ተልጦ ግማሹ የቀረ የወፍ ሥዕል ተለጥፎበታል። ማንም ሊወስድባት አይፈልግም። ጀርባውን አዙራ ብታሳየን ይበቃናል። በውጫሌም ሆነ በቡርዖ ወይም በሌላ ቦታ ያያት ሰው ካለ፣ የት እንዳለችና ደህና መሆኗን እባካችሁ ንገሩኝ።